ሃያ ስድስት ሚሊሜትር በር

ምሕረት የነፈግኩት አንድ ሰው አለ። የበደሉኝ ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹን ረስቻቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ደግሞ መጥተው "ይቅር በይን" ሲሉኝ አንጀቴ አልችል ብሎ ምሬያቸዋለሁ። እሱን ግን አልማርኩትም። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ከለገመ በኋላም ቂሜ ያው የወጣትነቴ ቂም ነው። የስፌት ዕቃዬን በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የክብሪት ቀፎ አለ፤ በቀፎው ውስጥ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ የምትበልጥ ግራጫ የፕላስቲክ በር። ቁመቷ ሃያ ስድስት ሚሊሜትር ነው። የልጅ ልጆቼ "ይቺ ምንድን ናት?" ሲሉኝ የአሻንጉሊት ቤት በር ናት እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ የአውሮፕላን በር ናት።

ያኔ በደርግ ዘመን ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በንድፍ ክፍሉ ውስጥ እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በየአውራጃው ቢሮና የሠራተኛ መኖሪያ ያሠራል፤ እኛ ደግሞ ፕላኑን እንነድፋለን። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነበርን፤ እኔና ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ ነዳፊ። ከእኔ ጠረጴዛ የወጣውን ሁሉ ጋሼ አገላብጠው አይተው፣ "ተመርምሯል" በሚለው ቦታ ላይ ሳይፈርሙ አንድ ወረቀት ከክፍሉ አይወጣም። ከእኛ በላይ ኃላፊው ነበር። ከፖለቲካ ትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቶ ላያችን ላይ የተቀመጠ፣ ማስመሪያ ይዞ መስመር ማስመር እንኳ የማይሆንለት ሰው ነው። ቁመቱ ግን መለሎ። በቢሯችን በር ሲገባ አናቱ ከጉበኑ ሊደርስ ትንሽ ነበር የሚቀረው፤ እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፣ በሩ በእሱ ልክ የተሠራ ይመስል።

ጨዋታውን ያመጣብን አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ አማካሪ መሐንዲስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሁለት የፒንግፖንግ ጠረጴዛዎች ይገጥምና አረንጓዴ ጨርቅ ያለብሳቸዋል። ከጨርቁ ሥር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፎ ሲከት ጋራ ይሆናል፤ ሰማያዊ ወረቀት ሲያነጥፍ ሐይቅ ይሆናል። በላዩ ላይ ከአሮጌ ባትሪ በቀለጠ እርሳስ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ተራውን ጠብቆ ወታደሮቹን በማስመሪያ እየለካ ያራምዳል፤ ማን እንደተመታ ዳይስ ይወስናል። መጀመሪያ ላይ "ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል እንዴ?" ብለው የሳቁት ወንዶች በወሩ ቅዳሜ እስኪደርስ መቆም መቀመጥ አቃታቸው። ማስመሪያው እጃቸው ሲገባ ግን ሁሉም አጭበርባሪ ነው። ስለዚህ መለካቱ ለእኔ ተሰጠ። ሴት ብትዋጋ ያስቃል ተብሎ ጦር አልሰጡኝም፤ የእኔን ልክ ግን አንድም ቀን ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

ጀርመናዊው ውሉን ጨርሶ ሊሄድ ሲል ሦስት ካርቶን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ገጣጥመው የሚሠሯቸው የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ናቸው። "ካርቶን ላይ ቁጥር፣ ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽ፤ አንቺ ብቻ" አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። እውነቱን ነው። ሌላው ሰው ሥዕሉን ነበር የሚያየው።

ቁጥሩ ስኬሉ ነው። ለእኔ የዘወትር እንጀራዬ ስለሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። አንድ ለመቶ ማለት እውነተኛውን ዕቃ መቶ ጊዜ አሳንሰህ ሠራኸው ማለት ነው፤ አንድ ለሰባ ሁለት ደግሞ ሰባ ሁለት ጊዜ። አንዱን ዳቦ ለመቶ ሰውና ለሰባ ሁለት ሰው ስትቆርሰው የትኛው ቁራሽ እንደሚተልቅ ማንም ያውቃል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዕቃው ያንሳል። የእኛ ወታደሮች ቁመታቸው ሃያ አራት ሚሊሜትር ነበር። በሰባ ሁለት ሲባዛ አንድ ሜትር ከሰባ ሦስት ይመጣል፤ ደህና የሰው ቁመት ነው። ስለዚህ አንዱ ካርቶን፣ አንድ ለሰባ ሁለት የሆነው ተዋጊ አውሮፕላን፣ እንዳለ ለጠረጴዛችን ይሆናል። ሁለተኛው አንድ ለመቶ የሆነ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ሦስተኛው ካርቶን ላይ እጅግ ግዙፍ የሆነ የጭነት አውሮፕላን ተሥሏል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ለመቶ አርባ አራት ነው። ይሄኛው ከወታደሮቹ አጠገብ ሲቆም እንደማይሆን ገና ሳልከፍተው አውቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

ልቤ የቀረው በመንገደኛው ላይ ነው። ጠረጴዛችን ወታደር የሚያወርድ አውሮፕላን አልነበረውም። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ይሄ አውሮፕላን ሃያ አራት ሴንቲሜትር ነው፤ በአንድ ለመቶ ሃያ አራት ሜትር የሆነ ትልቅ መንገደኛ ነው፤ በእኔ ወታደሮች ዓይን፣ በአንድ ለሰባ ሁለት፣ አሥራ ሰባት ሜትር የሆነ ልከኛ የጦር ማጓጓዣ ይሆናል። አካሉን መለወጥ አያስፈልግም፤ ልኩን የሚያሳብቁበትን ነገሮች መለወጥ እንጂ። የሰው ዓይን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው ሰው ከሚነካው ቦታ ተነሥቶ ነው፤ ከበሩ፣ ከመስኮቱ፣ ከመሰላሉ። እነሱን ከቀየርክ ሁሉንም ቀየርክ።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከሥራ በኋላ ብርሃን እስካለ ድረስ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ። የመንገደኞቹን መስኮቶች በሙሉ ደፈንኳቸው፤ የተረፈውን ፕላስቲክ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሟሙቼ ሊጥ የመሰለ መድፈኛ ሠራሁና በክብሪት እንጨት እየቀባሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። በዚያ መሥሪያ ቤት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የነበረው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የአብራሪዎቹን መስኮት አስፍቼ ቆረጥኩ። ከዚያ አሮጌውን በር ደፍኜ፣ አዲስ በር ከተሰበረ ማስመሪያ ላይ በምላጭ ፈልፍዬ አወጣሁ። ሃያ ስድስት ሚሊሜትር፤ ወታደሩ ራሱን ሳይነካው የሚያልፍበት። ማጠፊያው የፀጉሬ መርፌ ነው። ጥግ ላይ በጥፍር ጫን ሲሉት በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ግን ፍንጩ እንኳ አይታይም፤ የተሳለ መስመር ነው የሚመስለው። በሩ እንደሚከፈት ለማንም አልተናገርኩም። ለቅዳሜ ጨዋታ አስቀምጬው ነበር።

ቅዳሜ ሳይደርስ ኃላፊው ጠረጴዛዬ ላይ አየው። አነሣው፣ አገላበጠው። "ጎበዝ! ለበላይ አካል ላሳየው" አለና ይዞት ሄደ። ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴ እስከዚህ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አውሮፕላኔ የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ሥሩ ባለው ካርድ ላይ "የፈጠራ ሥራ" ይልና የኃላፊው ስም ተጽፏል። ከአጠገቡ ባለው ሰሌዳ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በአንድ ሶሻሊስት አገር በንድፍና በሞዴል ሥራ የሁለት ዓመት ሥልጠና፣ ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ቦታ። ለዚያ ቦታ የታጨው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ያንን ዓይነት ሥልጠና ከልጅነቴ ጀምሮ ነበር የምመኘው። የእኔ ቤተሰብ ገንዘብም ዘመድም የለውም፤ ከዚያች የሥዕል ጠረጴዛ ሌላ ወደ ዓለም የምወጣበት በር አልነበረኝም።

ቢሮው ገባሁ። "ጓድ ኃላፊ፣ ያንን አውሮፕላን የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ" አልኩት።

ከወረቀቱ ቀና አላለም። "እሁድ እሁድ አዲስ ከተማ ሰፈር የት ቤት እንደምትሄጂ አውቃለሁ" አለኝ፣ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ያህል ቀስ ብሎ። "እንደዚያ ዓይነት ሰው ውጭ አገር አይላክም። ሥራሽን ሥሪ።"

የምሄደው እህቴ ቤት ነው። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እህቴ ቤት መስኮት ዘግተን፣ በሲዳምኛ፣ ድምፃችንን ውጠን እንዘምር ነበር። እህቴ ሦስት ልጆች ነበሯት። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በመስታወቱ ሣጥን አጠገብ አልፋለሁ፤ በየጠዋቱም እንደ አዲስ እሰረቃለሁ። እንዲወድቅ ተመኘሁ። ሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ እጁን ዘርግቶ የሚይዘው አጥቶ እንዲወድቅ ነበር የተመኘሁት። ብጸልይም ያንኑ ነበር የምጸልየው፣ እግዚአብሔር ይይልኝ።

አምላክ ሰማኝ ወይም ሌላ ሰማኝ፤ ለአብዮቱ በዓል ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ የሚል ትእዛዝ መጣ። የጦርነት ጠረጴዛችንም በአዳራሹ መሐል እንዲቀርብ ተወሰነ። እንግዳው የአየር ኃይል ኮሎኔል ነው፤ የሥልጠናውን ዕጩ የሚያጸድቁትም እሳቸው ናቸው። ኃላፊው ሰማይ የነካ መሰለው። ወደ እኔ መጣና "የቀሩትን ካርቶኖች አምጪ፤ ይሄን ጊዜ በእጄ እሠራዋለሁ፣ እንግዳው ከጠየቁኝ እንድመልስ" አለ።

ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለውን ጨምሬ አመጣሁለት። ሁለቱን ካርቶኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቁጥሮቹን በጣቱ እያመለከተ አነበበ።

"የፊተኛው መቶ ነበር አይደል? ይሄ ሰባ ሁለት ነው፤ ትንሽ ነው። ይሄኛው መቶ አርባ አራት!" ዓይኑ በራ። "የዘንድሮው ከፊተኛው መብለጥ አለበት። ይሄን ታላቁን ነው የምሠራው። ትንሹ ተዋጊ አጠገቡ ይቆማል።"

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። የአንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳይ ነበር። "ጓድ ኃላፊ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ዕቃው ያንሳል" ብል አለቀ። ያንን ዓረፍተ ነገር ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለዘበኛው፣ ክበብ ለሚመጣው ሁሉ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ።

"ጥሩ ምርጫ ነው ጓድ ኃላፊ" አልኩት።

ሲወጣ ጋሼ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ንገሪው እንጂ" አሉኝ።

"ኃላፊው ያውቃሉ ጋሼ" አልኳቸው። ብዕራቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሳቸውም አልነገሩትም።

ኃላፊው አውሮፕላኖቹን ቤቱ ወስዶ ሠራቸው፤ ወታደሮቹ ክበብ ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለነበር አጠገባቸው አቁሞ አላያቸውም። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሁሉም በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ ተደረደረ። በፊት ከእኔ የሰረቀው አውሮፕላኔም ከመስታወት ሣጥኑ ወጥቶ መሐል ቆመ። እኔ ማስመሪያዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆምኩ።

ኮሎኔሉ ቀጭን፣ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛውን አንድ ዙር ዞሩት። ከግዙፉ የጭነት አውሮፕላን ፊት ቆሙ። ግዙፉ አውሮፕላን አጠገቡ ካለው ትንሽ ተዋጊ የሚበልጠው በሁለት ጣት ብቻ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የአብዮታዊው አየር ኃይላችን የጭነት አውሮፕላን ነው ጓድ ኮሎኔል" አለ ኃላፊው አፉን ሞልቶ።

"እኔ ይሄን አውሮፕላን አብርሬዋለሁ። ሆዱ ውስጥ መኪና ይገባል።" ኮሎኔሉ ከጋራው ላይ አንድ የእርሳስ ወታደር አነሡና ከአውሮፕላኑ በር አጠገብ አቆሙት። የበሩ ጉበን የወታደሩ ወገብ ላይ ቀረ። "ታዲያ ይሄ ልጅ በየት በኩል ይግባ?"

ኮሎኔሉ ወታደሩን መልሰው አነሡት።

"ይሄን ስኬል ለምን መረጥክ?"

"ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው ጓድ ኮሎኔል። ያኛው መቶ ነው፤ ይሄ መቶ አርባ አራት።"

አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ቀያሽ፣ አናጢ፣ ግንበኛ ነው። አንድ ለመቶን ከእናታቸው ስም ቀጥሎ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከኋላ አንዱ አፈነው፣ ሁለተኛው አላፈነውም፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጉድ ፈላ። የኃላፊው ጆሮ ሲቀላ አየሁ፤ አንጀቴ ራሰ። እንዲያ ዓይነት ደስታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፣ ልጆቼን የወለድኩ ዕለት ጭምር።

ኮሎኔሉ ግን አልሳቁም። መሐል ላይ ወደቆመው ወደ እኔው አውሮፕላን ዞሩ። "ያኛው ግን ልኩን የጠበቀ ነው። እሱንስ ማን ሠራው?"

"እኔው ነኝ" አለ ኃላፊው። ይሄን ሲል እኔን ነበር የሚያየኝ። ስለ እህቴ ቤት እያስታወሰኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ዝም ብል ለዛሬ የሳቁበት ሳቅ ይበቃኝ ነበር፤ ሥልጠናው ግን የእሱ ሆኖ ይቀራል።

"ጓድ ኮሎኔል፣ የዚያኛው በር ይከፈታል" አልኩ።

"በሩ የተሳለ ነው" አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ።

ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ። በጥፍሬ ጥጉን ጫን አልኩት። ቀጭ አለና በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ። ወታደሩን ከኮሎኔሉ እጅ ተቀብዬ ራሱን ሳይነካው አስገባሁት። ኃላፊው ያን ሁሉ ወር ስሙን ለጥፎበት ሲኖር፣ አንድ ቀን እንኳ በሩን አልነካውም ነበር። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብለው ማጠፊያውን አዩና "የፀጉር መርፌ ነው?" አሉኝ። ስሜን ጠይቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። "ሥልጠናው ለአንቺ ይገባል" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት እምረው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። ለሥልጠናው የተመረጥኩ ብሆንም ለክፍሉ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ስለሆንኩ መሥሪያ ቤቱ ሊለቀኝ አይችልም ይላል። ፊርማው የኃላፊው ነው። ቢሮው ስገባ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር፤ በኤግዚቢሽኑ ውርደት ምክንያት አንድ ቆላ አውራጃ ውስጥ ለሚከፈተው አዲስ ቅርንጫፍ ተዛውሯል። ያቺ የመጨረሻ ፊርማው ነበረች። "የጸሎቱን ነገር አላነሣሁብሽም። አመስግኚኝ" አለኝ። ቦታው ለሌላ ክፍለ ሀገር ተሰጠ። ዕድሜዬ አለፈ፣ ሌላ ማስታወቂያም አልወጣም። የዚያኑ ዕለት አውሮፕላኔ ወደተመለሰበት የመስታወት ሣጥን ሄጄ በሯን ከነማጠፊያዋ ነቅዬ ወሰድኩ፤ አውሮፕላኑ ጎኑ ላይ ቀዳዳውን ይዞ ቆመ።

ወር ሳይሞላ ከዚያው ቆላ አውራጃ ሥራ መጣልን። የቅርንጫፉ ቢሮና የኃላፊው መኖሪያ ቤት ፕላን። ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ።

ስኬሉ አንድ ለሃምሳ ነው። የቤት በር ሁለት ሜትር ከአሥር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አርባ ሁለት ሚሊሜትር ይወጣል። ስምንት ሚሊሜትር ቀነስኩለት። የመግቢያውን በር፣ የመኝታ ቤቱን በር፣ የማዕድ ቤቱን በር፣ ሁሉንም፤ ልካቸውንም በንጹሕ ቁጥር አጠገባቸው ጻፍኩ። ወረቀት ላይ ቁጥር ካለ አናጢ አይከራከርም።

ጋሼ ወረቀቱን ሲመረምሩ ከወትሮው ቆዩ። ማስመሪያቸውን አንሥተው በሩ ላይ አሳረፉት።

"ልጄ፣ ይሄ በር ስንት ነው?"

"አንድ ሜትር ከሰባ ነው ጋሼ።"

"የሚገባበትስ ሰው?"

"አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት።"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ "ተመርምሯል" ከሚለው ሥር ፈረሙ።

በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ የመጣ ሾፌር ስለ አዲሱ ቤት አወራን። ቤቱ ቆንጆ ነው አለ፤ በሮቹ ብቻ ምን ነክቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ኃላፊው ግንባሩ ላይ እብጠት ጠፍቶለት አያውቅም፣ አሁንማ ለምዶ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚወጣው። በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖረ።

የጸሎት ቤታችን ከተከፈተ ቆይቷል። ዛሬ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምንዘምረው። ጸሎቱ የበደሉንን ይቅር ስለማለት ከሚናገረው ላይ ሲደርስ ግን እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ እህቴም አጠገቤ ስለምትቆም ታውቃለች፣ ተናግራኝ አታውቅም። ያ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ለማን ሲያጎነብስ እንደኖረ የነገረው የለም። ይኸው እኔ ነገርኩት።